ንባብ፣ ጽሕፈትና ክርክር በጎንደር የሕፃናት ትምህርት ታሪክ

መግቢያ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጉዳይ፣ በጎንደር ከተማና ከከተማይቱ በስተ ሰሜን በተዘረጋው ደጋ አገር፣ ይኸውም በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በስሜን፣ እንዲሁም በጎረቤቱ በደምቢያ፣ ሕፃናት ማንበብንና መጻፍን፣ ደግሞም ሐሳባቸውን በቃል አስረድተው መከራከርን እንዴት ይማሩ እንደ ነበረ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ዛሬ የአንደኛ ደረጃ መምህር እነዚህን ሦስት ሙያዎች በአንድ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ያስተምር ዘንድ ይጠበቅበታል። ልጁ ምንባቡን ያነባል፤ ከምንባቡ በታች ያሉትን ጥያቄዎች በደብተሩ ይመልሳል፤ ከዚያም ከጓደኞቹ ጋር ይወያያል። ይህ አሠራር ለእኛ የተለመደ ስለ ሆነ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በቀድሞው የጎንደር ትምህርት ሦስቱ ሙያዎች በአንድ ቤት አይኖሩም ነበር። ንባብ የብዙ ልጆች፣ ጽሕፈት የጥቂት ሙያተኞች፣ በመጽሐፍ ላይ መከራከር ደግሞ ብዙ ዓመት የደከሙ ጎልማሶች ድርሻ ነበረ።

እኛ በበኩላችን ለማስረዳት የምንፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ወደ ጎንደር ሲገባ ንባብንና ጽሕፈትን በአንድ ጣሪያ ሥር አገናኝቷል፤ ይህም ትልቅ ሥራ ነው። ሦስተኛው ሙያ፣ ማለት ጥያቄና ክርክር፣ ግን በአሮጌው ሥርዐት ለልጅ ገና ያልተፈቀደ እንደ ነበረ፣ በአዲሱም ከመጽሐፉ ላይ እንጂ ከክፍሉ ውስጥ በሚገባ አልገባም። ይህ የሆነበት ምክንያት በታሪኩ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመለከታለን።

1. ንባብ ቤት

ጎንደር በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን በ1628 ዓ. ም. ከተቈረቈረች ወዲህ የነገሥታት መቀመጫ ብቻ ሳትሆን የትምህርትም ከተማ ሆና ኖራለች። የአብያተ ክርስቲያናቷ ቍጥር በተለምዶ 44 ይባላል። በየደብሩም ቅጽር ግቢ፣ በዛፍ ጥላ ወይም በመምህሩ ጎጆ ደጃፍ፣ ሕፃናት ተሰብስበው ፊደል ይቈጥሩ ነበር። በገጠሩም ቢሆን ሥርዐቱ ያው ነው። ልጁ ጧት ከብት ከማሰማራቱ በፊት ወይም ማታ ከመስክ ሲመለስ ወደ የኔታ ዘንድ ይሄዳል።

የማስተማሪያው መንገድ ደረጃ በደረጃ የተደለደለ ነው። መጀመሪያ ልጁ በብራና ላይ የተጻፈውን ፊደል በስንደዶ እያመለከተ፣ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ እስከ ሳብዕ ይዘልቃል። የግዕዙ ፊደል 26 ሆኖ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት መልክ ስላለው፣ ልጁ 182 ምልክቶችን መለየት አለበት። ዲቃሎቹ ፊደላት ከዚህ ቍጥር ውጭ ናቸው።

ከዚህ ላይ የጥንቶቹን መምህራን ብልኀት ሳናደንቅ ማለፍ አንችልም። ልጅ የሰማውን ዜማ ቶሎ የሚይዝ ስለ ሆነ ሀሁን በጆሮው አጥንቶ፣ ዓይኑ ምንም ፊደል ሳይለይ፣ ከዳር እስከ ዳር ሊወጣው ይችላል። ይህን የተረዱት መምህራን ሁለተኛ ገበታ አዘጋጁ። እርሱም አቡጊዳ ነው። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እየተባለ ፊደሉም ድምፁም ከለመደው ተራ ወጥቶ ይመጣል። በቃሉ ብቻ የያዘው ልጅ ከዚህ ላይ ይደናቀፋል፤ በዓይኑ የለየው ያልፋል። እንግዲህ አቡጊዳ ማስተማሪያ ብቻ ሳይሆን ፈተናም ነበረ ማለት ነው።

ከአቡጊዳ ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ የሚባለው የዮሐንስ መልእክት ይመጣል። ንባቡም በአራት ደረጃ ይካሄዳል። በቍጥር ልጁ ፊደሉን አንድ በአንድ እየነጠለ ይጠራል፤ በግዕዝ ንባብ ፊደላቱን አያይዞ ቃሉን በዝግታ ያወጣል፤ በውርድ ንባብ በልዩ ቅላጼ ያነባል፤ በቁም ንባብ ደግሞ እንደ ንግግር ቀጥ አድርጎ ይዘልቀዋል። ከዚህም ጋር የቃላቱን አነሣስና አጣጣል፣ ይኸውም ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ የሚባሉትን፣ ከመምህሩ አፍ ይማራል። ከዚያ በኋላ የዮሐንስን ወንጌል፣ በመጨረሻም 150 መዝሙራት ያሉበትን ዳዊት ያነባል። ዳዊት የደገመ ልጅ ለወላጆቹ ክብር ነው፤ ቤተሰቡም እንደ አቅሙ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ የኔታንና ጎረቤትን ይጋብዛል።

ማታ ማታ ደግሞ መብራት ስለሌለ የቃል ትምህርት ይሰጣል። ውዳሴ ማርያምን፣ መልክአ ማርያምንና መልክአ ኢየሱስን ልጁ መምህሩን እየተከተለ በጨለማ ያጠናል። በቀኑም በማታውም ትምህርት ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። ስለዚህ አንድ መምህር ብዙ ልጆችን ሊይዝ ይችል ነበር።

የዚህ ትምህርት ጕድለት ግልጽ ነው። መጽሐፉ ግዕዝ ነው፤ የልጁ የቤት ቋንቋ ግን አማርኛ ነው፤ በጭልጋና በጎንደር ዙሪያ ባሉ አንዳንድ ስፍራዎችም ቅማንትኛ ነበረ። ስለ ሆነም ዳዊትን አጥርቶ የሚያነብ ልጅ ያነበበው ምን ማለት እንደ ሆነ አያውቅም። ይህን ስንል ግን የመምህራኑን ዓላማ መዘንጋት የለብንም። ንባብ ቤት የተሠራው ጸሎት ለሚያደርስና ቅዳሴ ለሚያስቀድስ ሰው ነው፤ ትርጉሙ በሌላ ቤት፣ በሌላ ጊዜ ይመጣል ተብሎ የተተወ ነበረ። ችግሩ ከመቶ ልጆች መካከል ወደዚያ ወደ ሌላው ቤት የሚደርሱት ጥቂቶች መሆናቸው ነው። የሚበዙት ዳዊት ደግመው ወደ ሞፈርና ቀንበር ይመለሱ ነበር።

በቤተ እስራኤልም ዘንድ መንገዱ ከዚህ እጅግ የራቀ አልነበረም። በደምቢያ፣ በወገራና በስሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ቄሶቻቸውና ደብተራዎቻቸው ልጆችን በግዕዝ የተጻፈውን ኦሪትና ዳዊት ያስነብቡ ነበር።

2. ጽሕፈት

አንባቢያችን «ልጁ ማንበብ ሲማር መጻፍስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ በንባብ ቤት ጽሕፈት አልነበረም ነው። ዳዊት ደጋሚው ስሙን መጻፍ ላይችል ይችላል፤ በዚህም አያፍርም ነበር። ጽሕፈት እንደ ሽመናና እንደ አንጥረኛነት ራሱን የቻለ የእጅ ሙያ ነውና።

የቁም ጽሕፈት ተማሪ ከአንድ ጸሐፊ ጋር ተቀምጦ የፍየሉን ወይም የበጉን ቆዳ መወጠርና መፋቅ፣ ከጥላሸት ቀለም መበጥበጥ፣ መቃ ብዕር መቅረጽ፣ በወስፌ መስመር ማውጣት ይማራል። ከዚያ በኋላ ነው ፊደል መጣል የሚጀምረው። አንድ ዳዊት ለመጻፍ ወራት የሚፈጅ ሲሆን፣ የሚያልቀውም ቆዳ የብዙ ፍየል ቆዳ ነው። ብራና እንዲህ ውድ በሆነበት አገር ለሕፃን መለማመጃ መስጠት አይታሰብም። ሌላም ምክንያት ነበረ። በአገሬው ዘንድ ጽሕፈት ክታብ ከሚጽፈው ደብተራ ጋር ስለ ተያያዘ፣ መጻፍ የሚያውቅ ሰው ይከበራል፤ ግን ደግሞ ይፈራል።

ይህ የንባብና የጽሕፈት መለያየት የግድ መሆን የነበረበት አለመሆኑን የሚያሳየን ከዚያችው ከጎንደር ከተማ የምናገኘው ሌላ ምሳሌ ነው። በ1660 ዓ. ም. በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተደረገው ጉባኤ የእስላሞች ሰፈር ከክርስቲያኖች እንዲለይ ወስኖ ነበር። የእስላሞቹ ሰፈር በኋላ አዲስ ዓለም ተብሎ እስከ ዛሬ ይታወቃል። በእስልምናው የቁርኣን ትምህርት ቤት ልጅ የሚማረው በብራና ሳይሆን ሉሕ በተባለ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው። የዕለቱ ምዕራፍ በቀለም ይጻፍበታል፤ ልጁ ያነበዋል፤ ካጠናው በኋላ ሰሌዳው ታጥቦ አዲስ ይጻፍበታል። ልጁም ከፍ እያለ ሲሄድ ራሱ ይጽፋል። ቋንቋው ዐረብኛ ስለ ሆነ ከትርጉም በኩል ያለው ችግር ከግዕዙ ጋር አንድ ነው። ዳሩ ግን የሚታጠብ ሰሌዳ መኖሩ ብቻ ጽሕፈትን ከንባብ ጋር አጋብቶታል። በአንዲት ከተማ፣ በጥቂት ጋሻ መሬት ርቀት፣ ሁለት የተለያዩ አሠራሮች ጐን ለጐን ኖረዋል። ስለዚህ ልዩነቱን የፈጠረው የልጆቹ ችሎታ ሳይሆን መሣሪያውና ልማዱ ነው ለማለት እንደፍራለን።

3. ክርክር ይገኝ የነበረበት ስፍራ

ንባብን ጨርሶ ከአገሩ የወጣ ልጅ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ የቆሎ ተማሪ ይሆናል። የመንደር ውሻ እየተከላከለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ እየበላ ከደብር ወደ ደብር ይሄዳል። ድጓን ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕትን ለማስመስከር ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋምን ለማስመስከር ወደ ጎንደር በአታ ይወርዳል። ጥያቄና ክርክር የሚጀምረው ግን በቅኔ ቤት ነው።

የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ግስና አገባብ ይማራል። ማታ መምህሩ ቅኔ ዘርፎ፣ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ያሳያል። ቀን ቀን ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ በዱር ወይም በመቃብር ቤት ብቻውን ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ማለት የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል። ከዚያም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ይሰማሉ፤ ምሥጢሩን ይከራከሩበታል። በዚህ አኳኋን ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየ፣ በዋዜማና በሥላሴ በኩል ወደ መወድስ ይደርሳል። ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ሐሳብ በሰው ፊት እንዲያቀርብና እንዲከላከል የሚጠየቀው እዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ብዕር አይነሣም። ቅኔ በአእምሮ ተዘጋጅቶ በቃል ይነገራል። በጎጃም በስመ ጥርነታቸው የታወቁት የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር እንደ ነበሩ ስናስታውስ፣ የከፍተኛው ትምህርት ከንባብም ከጽሕፈትም ተነጥሎ ሊቆም እንደሚችል በጉልህ እንረዳለን። ከዚህም ጋር ሴቶች ወደዚህ ትምህርት የሚገቡት እጅግ በጥቂቱ እንደ ነበረ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም።

ከቅኔ በላይ መጻሕፍት ቤት አለ፤ ጎንደርም ከሁሉ ይልቅ በዚህ የታወቀች ናት። ትርጓሜው ለብሉይ፣ ለሐዲስ፣ ለሊቃውንትና ለመነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ ተከፍሏል። አራቱን የጨረሰ አራት ዓይና ይባላል። በ18ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ገደማ የነበሩት መምህር ኤስድሮስ የትርጓሜውን ስልት ካደሱ በኋላ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ሁለት ወገኖች እንደ ተለዩ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። በመጨረሻም የታች ቤቱ ገንኖ ወጥቷል።

የትርጓሜው አነጋገር ራሱ የውይይት መልክ ያለው ነው። መምህሩ ግዕዙን ካስነበበ በኋላ በአማርኛ ይተረጕመዋል፤ «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ፍች ይጨምራል፤ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ያመጣል። «ስለ ምን እንዲህ አለ ቢሉ» ብሎ ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። አንድ ቃል ከአንድ በላይ ፍች ሊኖረው መቻሉን፣ ፍቹም ምክንያት የሚጠየቅበት መሆኑን የሚያስተምር ጉባኤ ነው። በእኛ አስተያየት ከጥንታዊው ትምህርታችን ሁሉ ለዛሬው መምህር የሚበጀው ይህ «ቢሉ» የሚባለው ቃል ነው። የሚያሳዝነው ግን ይህን ቃል ለመስማት የሚታደለው ከልጅነት አልፎ ጢም ያወጣ ተማሪ መሆኑ ነው። ንባብ ቤት ያለው ሕፃን «ምን ማለት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጊዜው ሲደርስ ታውቀዋለህ ከመባል በቀር መልስ አያገኝም ነበር።

ይሁን እንጂ የደጋው ልጅ ክርክርን ጨርሶ አያውቅም ማለት አይደለም። ማታ በምድጃ ዙሪያ «እንቆቅልሽ»፣ «ምን አውቅልህ» ይባላል፤ መልሱን ያጣው አገር ይሰጣል። ሰው ለዳኝነት በዛፍ ሥር ሲቀመጥ ልጆች ከዳር ሆነው ይሰማሉ። በላ ልበልሃ በሚባለው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ነገራቸውን በወግ አሳምረው፣ ዋስ እየጠሩ፣ ተጠየቅ እየተባባሉ ይረታሉ ወይም ይረታሉ የተባሉት ይረቱባቸዋል። ልጆቹም ይህንኑ በጨዋታ መስክ ላይ ይደግሙታል። እንግዲህ የሐሳብ ሙግት በአገሩ ነበረ፤ የነበረው ግን ከፊደሉ ርቆ ነው። የሚያነበው ልጅ ባነበበው ላይ አይከራከርም፤ የሚከራከረውም ሰው የሚከራከርበትን አያነብም።

4. የአማርኛ መጽሐፍ መምጣት

ይህን ሁኔታ መለወጥ የጀመረው በአማርኛ የታተመ መጽሐፍ ነው። አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ በግብፅ አገር የተረጐሙት መጽሐፍ ቅዱስ በአውሮፓ ታትሞ፣ ወንጌሉ በ1816 ዓ. ም.፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1832 ዓ. ም. ወጣ። ሳሙኤል ጎባት የተባለው ሚሲዮናዊ በ1822 ዓ. ም. ጎንደር ገብቶ የአማርኛውን ወንጌል ሲያድል፣ ከካህናትና ከከተማው ሰዎች ጋር ያደረገውን ክርክር በየዕለቱ ማስታወሻው ጽፎታል። በሃይማኖቱ ነገር የነበረውን አለመስማማት ለሌሎች ትተን ከትምህርት በኩል ብቻ ብናየው፣ አንባቢውና ጠያቂው አንድ ሰው ሊሆን የቻለበት አጋጣሚ ነው፤ ቋንቋው የሁሉም ነበረና።

ከዚያ በኋላ በ1852 ዓ. ም. ገደማ በደምቢያ ጄንዳ በተባለው ስፍራ በቤተ እስራኤል መካከል የተቋቋመው ሚሲዮን ልጆችን በአማርኛ ማስነበብ ጀመረ። በ1905 ዓ. ም. ገደማ ደግሞ ያዕቆብ ፋይትሎቪች በደምቢያ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። ደቀ መዝሙሩ ታምራት አማኑኤልም ተመሳሳይ ሥራ በአዲስ አበባ መርተዋል።

በቤተ መንግሥቱም በኩል ለውጥ ነበረ። በልጅነታቸው በማኅበረ ሥላሴ ገዳም የተማሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤያቸውን የሚያጽፉት በአማርኛ ነበረ፤ በ1855 ዓ. ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩትም እንዲሁ ነው። ደብተራ ዘነብም የንጉሡን ታሪክ በአማርኛ ጽፈዋል። ሰው የሚናገረውን ቋንቋ መጻፍ እንደሚቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም ነበር።

ነገር ግን ይኸው ዘመን የጎንደርን ትምህርት በብርቱ የጎዳ ዘመን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የወሰዷቸው መጻሕፍት መቅደላ ገቡ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ. ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ 350 ያህሉ ወደ ሎንዶን ሄዱ። በ1859 ዓ. ም. ከተማይቱ ተቃጠለች፤ በጥር 1880 ዓ. ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በጎንደር የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መጽሐፉ ጠፋ፤ ትምህርቱ ግን በሊቃውንቱ ቃል ውስጥ ስለ ነበረ ተረፈ። የቃልን ትምህርት በንቀት የምንመለከት ተማሪዎች ይህን ልብ ልንለው ይገባል።

5. የመንግሥት ትምህርት ቤት

በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት በ1900 ዓ. ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ በሚያዝያ 1917 ዓ. ም. ደግሞ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲጀመር፣ የሰሜኑ አገር ልጅ ገና በንባብ ቤት ነበረ። የጣሊያን ጦር በኅዳር 1934 ዓ. ም. ጎንደር ላይ ድል ሆኖ እጁን ከሰጠ በኋላ፣ መንግሥት ትምህርት ቤቶችን በከተማይቱና በየወረዳው ከተማ እያስፋፋ ሄደ። ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና ደብተር ገባ። ሉሕ በአዲስ ዓለም ይሠራ የነበረውን ሥራ ጥቁር ሰሌዳው ለሁሉም ልጅ ሠራለት። ያነበበውን ፊደል በዚያው ቀን መጻፍ ቻለ። ንባብና ጽሕፈት ተጋቡ።

ውይይትስ? ከዚህ ላይ ሦስት መሰናክሎች ተደረደሩ።

አንደኛው ቋንቋ ነው። የአማርኛ መማሪያ መጽሐፍና መምህር እጥረት ስለ ነበረ፣ በአንደኛ ደረጃ ከፍ ባሉት ክፍሎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። ልጁ ከግዕዝ ወጥቶ ወደ ሌላ ባዕድ ቋንቋ ገባ ማለት ነው። በማያውቀው ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ቢችልም መከራከር አይችልም። በ1950ዎቹ ዓ. ም. አጋማሽ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ እንዲሰጥ ሲወሰን ይህ መሰናክል ቀለለ።

ሁለተኛው ፈተና ነው። የአንደኛ ደረጃ መጨረሻ ፈተና የሚመዝነው በወረቀት ላይ የሰፈረውን ብቻ ነው። የልጁን አነጋገር፣ የሌላውን ሐሳብ ሰምቶ መመለሱን የሚመዝን ፈተና የለም። መምህርም የሚፈተነውን ቢያስተምር አይፈረድበትም።

ሦስተኛው ልማድ ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» በሚባልበት አገር፣ በትልቅ ሰው ፊት ሐሳቡን የሚሰነዝር ሕፃን እንደ ባለጌ ይቈጠራል። ይህ የንባብ ቤት ሥርዐት ብቻ አልነበረም፤ የቤተሰቡም ሥርዐት ነው። ስለዚህ በአዲሱ ክፍል ውስጥ መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎ» ይላል። ይህ ከየኔታ ጉባኤ የወረሰው የኅብረት ድምፅ ነው፤ የወረሰው ግን ድምፁን እንጂ አቡጊዳውን አይደለም።

ከ1957 ዓ. ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየሄዱ ሲያስተምሩ፣ በ1967 ዓ. ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ፣ በኋላም ሐምሌ 1971 ዓ. ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ፊደል ለየ። የመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ እስከ 15 የደረሰ ሲሆን፣ በ1972 ዓ. ም. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ዓላማው ንባብ፣ ጽሕፈትና ስሌት ነበረ፤ በዚህም ሊመሰገን ይገባዋል። ክርክር ግን በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም።

የንባቡም ነገር ቢሆን አልተደላደለም። በ2002 ዓ. ም. በስምንት ክልሎችና በስድስት ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ ግማሽ የሚጠጉት ደግሞ ስለ ምንባቡ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። እነዚህ ልጆች ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። የመጽሐፉን የመጀመሪያ ገጾች በቃላቸው የሚወጡም በመካከላቸው መኖራቸውን ማንም የአንደኛ ደረጃ መምህር ያውቃል። የጎንደር የኔታ ከብዙ ዘመን በፊት ያወቀው በሽታ ይህ ነው፤ መድኀኒቱንም አቡጊዳ ብሎ ጠርቶት ነበር።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሁለት ነገሮች እንረዳለን። የመጀመሪያው፣ ጥንታዊው ትምህርት በጥቅሉ የሚወገዝ ወይም በጥቅሉ የሚወደስ አለመሆኑ ነው። ጽሕፈትን ከሕፃን ማራቁ፣ ትርጉምን ማዘግየቱና ሴት ልጅን ከደጅ ማስቀረቱ ከባድ ጕድለት ነው። በአንጻሩ ግን አቡጊዳ የሐሰቱን ንባብ ይለያል፤ ቅጸላ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን እንዲረዳ ያደርጋል፤ የቅኔ ነገራ ተማሪው የራሱን ሥራ በጓደኞቹ ፊት እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ «ቢሉ» ደግሞ ጥያቄን የትምህርት አካል ያደርጋል። እነዚህ አራቱ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቁም።

ሁለተኛው፣ የጎደለን ክርክር ሳይሆን የክርክሩ ቦታ መሆኑ ነው። የደጋው ገበሬ በሙግት የታወቀ ነው፤ ልጁም እንቆቅልሽ ሲጫወት አንደበቱ አይያዝም። ትምህርት ቤት ሲገባ ግን ዝም ይላል። የሚያነብበት ቤትና የሚናገርበት ቤት ከተለያዩ ሦስት መቶ ዓመት ያልፋቸዋል። ስለ ሆነም በአንደኛ ክፍል ምንባቡ አልቆ ደወሉ ከመደወሉ በፊት፣ መምህሩ «ስለ ምን እንዲህ ሆነ ቢሉ?» ብሎ አንድ ልጅ ጠይቆ መልሱን ቢጠብቅ፣ ቀጥሎም ሌላውን ልጅ «አንድምስ?» ቢለው፣ በመጻሕፍት ቤት ለአራት ዓይና ብቻ የቀረበው ማዕድ ለሰባት ዓመቱ ሕፃን ደረሰ ማለት ነው።

ይህን የምንጽፈው በደኅና ጊዜ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ. ም. ጦርነት በሰሜኑ ደጋ አልፏል፤ ከ2015 ዓ. ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆችም ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ከተማይቱ በ1859 እና በ1880 ዓ. ም. ስትቃጠል ትምህርቱን ያተረፈው ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ማስቀጸሉ ነበር። ዛሬም መጽሐፍ በሌለበትና ክፍሉ በተዘጋበት መንደር፣ ፊደል የለየ አንድ ታላቅ ወንድም ወይም አንዲት ታላቅ እኅት ለታናሹ አቡጊዳ ሊያስቈጥሩት ይችላሉ። ወደፊት መምህራን ሆነን ወደዚያ አገር የምንሄድ ተማሪዎች ይህን ቀድመን ብናውቅ፣ ክፍሎቹ እንደ ገና ሲከፈቱ ሥራችንን ከባዶ አንጀምርም።